ያንቺ ልክ የለም

በአማርኛችን «ልክ» የምትባል አንዲት ትንሽ ቃል አለች። ፊደሏ ሁለት ነው፤ የተሸከመችው ጭነት ግን ለአንድ አህያ ይበዛል። የጫማ ልክ፣ የቀሚስ ልክ ስንል መጠን ናት። እውነት የተናገረውን ሰው «ልክ ነህ» ስንለው ፍርድ ትሆናለች። ደፋሩን «ልክህን እወቅ!» ስንለው ወሰን ታበጃለች። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተጣልተው አንደኛዋ «ልክ ልኳን ነገርኳት» ብላ ወደ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ስድብ ናት። መጠን፣ ፍርድ፣ ወሰን፣ ስድብ፤ አራቱም በሁለት ፊደል ተጠቅልለው ይኖራሉ።

እንግዲህ አንዲት የቡቲክ ሻጭ ከእግር እስከ ራሴ አይታ «እናትዬ፣ ያንቺ ልክ የለም» ስትለኝ የትኛውን ልክ ማለቷ ይሆን? እሷ መጠኑን ነው ያለችው፤ ክፋት የላትም። ወደ እኔ ጆሮ የሚገቡት ግን አራቱም ናቸው።

ውድ አንባቢ፣ ከመቀጠሌ በፊት ራሴን ላስተዋውቅ። ወፍራም ሴት ነኝ። «ሞላ ያለች»፣ «ደርበብ ያለች» የሚሉትን ማለሳለሻዎች ለሚወዷቸው ትቼላቸዋለሁ። በአውሮፓው ቁጥር 52 ነኝ፤ አንዳንዱ ልብስ ላይ 50፣ አንዳንዱ ላይ 54። አካሌ ሳይለወጥ ቁጥሩ ለምን እንደሚዋዥቅ ኋላ እመለስበታለሁ። ዕድሜዬ ሠላሳዎቹን አጋምሷል፤ የምተዳደረው በመጻፍ ነው፤ እንደማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው ጠዋት ተነስቼ ልብስ ለብሼ ከቤት መውጣት አለብኝ። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ለብዙው ሰው የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት። ለእኔ ቢጤዋ ግን ከወር በፊት የሚታሰብባት፣ ገንዘብ የሚጠራቀምላት፣ አንዳንዴም ለቅሶ የምታስቀር ጉዳይ ናት። አዎን፣ ጥቁር ቀሚሴ ብብቱ ላይ ስለተተረተረ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ለቅሶ ሳልደርስ የቀረሁበት ቀን አለ።

ባለፈው ዓመት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ቡቲክ ገባሁ። ገና በሩን ሳልፍ፣ አፌን ሳልከፍት፣ ልጅቷ ያችን ዓረፍተ ነገር ወረወረችልኝ። ለእህቴ የልደት ስጦታ ነበር የፈለግሁት። እህቴ እንደ ሸንበቆ ቀጭን ናት። ይህን ብነግራት ልጅቷ ደነገጠች፤ ይቅርታ ጠየቀች፤ ሻይ ልታዝልኝም ቃጣት። እኔ ግን የገባሁበትን ሸሚዝ ትቼ ቦርሳ ገዝቼ ወጣሁ። ወፍራም ሴት ቡቲክ ገብታ ያለ ሰቀቀን የምትገዛው ነገር ቦርሳ ነው፤ ቦርሳ ልክ አይጠይቅም። ቤቴ ውስጥ ዘጠኝ ቦርሳዎች አሉ። ወዳጆቼ ቦርሳ ወዳድ አድርገው ያስቡኛል።

ልኬ ተገኘ ሲባልም ደስታው ዕድሜ የለውም። ለእኛ ተብሎ የሚመጣው ልብስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው፤ ድንኳን ወይም መጋረጃ። ድንኳኑ ጥቁር ሆኖ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለ ወገብ ይወርዳል። መጋረጃው ደግሞ ትልልቅ አበባ የተረጨበት ነው። ሁለቱንም የሠራቸው ሰው ሲሠራ ያሰበው ስለ መሸፈን እንጂ ስለ ማልበስ አይመስልም። መሸፈንና ማልበስ ደግሞ ይለያያሉ። ዕቃ ይሸፈናል፤ ሰው ይለብሳል።

*

ልጅ ሳለሁ እንዲህ አልነበረም። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ የሰፈራችን ልጆች የበዓል ልብስ በብዛት የሚመጣው ከልብስ ሰፊ ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? እናቴ ተረቱን በቁም ነገር የምትወስድ ሴት ናት። ገና ኅዳር ሲገባ ከመርካቶ ጨርቁን በሜትር ትገዛና እጄን ይዛ ወደ ልብስ ሰፊው ትወስደኛለች።

ልብስ ሰፊው በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ጥቁር ሲንጀር መኪናቸውን ይዘው የሚቀመጡ ሰው ናቸው። ሜትራቸው እንደ ነጠላ አንገታቸው ላይ ተጥሎ ይውላል። «ነይ እስቲ ልጄ፣ ቀጥ በይ» ይሉኛል። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ የቀሚስ ቁመት። እያንዳንዱን ጮክ ብለው ሳይጠሩ በተዘነጣጠለ ደብተር ላይ በእርሳስ ይጽፉታል። ከዚያ የሳሙና ስባሪ አንስተው ጨርቁ ላይ መስመር ያሰምራሉ። ያን ጊዜም ወፍራም ነበርኩ። ሆኖም እዚያ በረንዳ ላይ ወፍራም መሆኔን አንድም ቀን አልሰማሁም። ደብተሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች የእኔ ብቻ ነበሩ፤ ከማንም ቁጥር ጋር አይወዳደሩም። «ኤም» አይባሉ፣ «ኤል» አይባሉ። ጨርቁ ካነሰ «እትዬ፣ ግማሽ ሜትር ይጨምሩ» ይባላል፤ እናቴ ትጨምራለች፤ በቃ።

የአገር ልብሳችንም ቢሆን ጠባዩ ያው ነበር። ነጠላ ቁጥር የለውም፤ ጋቢ ቁጥር የለውም። ያችኑ አንድ ነጠላ ቀጭኗም ወፍራሟም፣ አሮጊቷም ኮረዳዋም ትጣፋዋለች። ሽሮ ሜዳ ወርዳ ቀሚስ የምታሠራ ሴት ልኳን ሰጥታ፣ ጥለቱን መርጣ፣ ቀጠሮ ይዛ ትመለሳለች። በሸማኔና በሰፊ መካከል ያለፈ ልብስ ባለቤቱን ሳያይ አይወለድም።

ይህን ስል ያለፈውን ዘመን ገነት ለማስመሰል አይደለም። ያኔም ሰው ሰውን በዓይኑ ይለካ ነበር። አክስቴ ከገጠር መጥታ «ወፈርሽ! ተመችቶሻል!» ስትለኝ ምርቃት ነበር፤ ቀጭኗን እህቴን ግን «ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?» እያለች ታስለቅሳት ነበር። ተራው ዞሮ ዛሬ እኔ ዘንድ ደረሰ። ልዩነቱ ግን አለ። አክስቴ የምትለካው በዓይኗ ብቻ ነበር፤ እህቴ ከነቅጥነቷ ልኳ የሆነ ቀሚስ ነበራት። ዛሬ የሚለካን ሱቁ ነው፤ ሱቁ ያላወቀው ሰው ደግሞ ራቁቱን እንደ መቅረት ነው።

*

ለመሆኑ ይህ እኛን የሚዳኘው ቁጥር ከየት መጣ?

ተሰፍቶ የሚሸጥ ልብስ ከመበርከቱ በፊት በፈረንጅም አገር ልብስ የሚሰፋው እንደ እኛው ሰውየው ተለክቶ ነበር። ፋብሪካው ሲመጣ ልብሱ ባለቤቱን ሳያውቅ መሰፋት ጀመረ፤ ስለዚህ ባለቤቱን በግምት መፍጠር አስፈለገ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ሩት ኦብራየንና ዊልያም ሼልተን የተባሉ ሁለት ባለሙያዎችን ይዞ ሴቶችን ማስለካት ጀመረ። ወደ 15,000 የሚሆኑ ሴቶች ተለኩ፤ ከእያንዳንዷ ክብደቷን ጨምሮ 59 ልኬት ተወሰደ። ውጤቱም በ1941 ታተመ። ለመጨረሻው ስሌት የተያዘው ግን የነጮቹ ሴቶች ልኬት ብቻ ነበር። ያም ሥራ ተከልሶ በ1958 የአሜሪካ የሴቶች ልብስ ቁጥር ደንብ ሆኖ ወጣ።

ደንቡ ዕድሜ አልነበረውም። ነጋዴዎች ቶሎ አንድ ነገር ገባቸው፤ ሴት ልጅ ትንሽ ቁጥር ያለው ልብስ ሲሆናት ደስ ብሏት ትገዛለች። ስለዚህ ልብሱን እያሰፉ ቁጥሩን ማሳነስ ያዙ። በ1958 «8 ቁጥር» ይባል የነበረው ወገብ ዛሬ በአሜሪካ ሱቆች ከዜሮ ቁጥር በታች ነው። ደንቡም በ1983 ጭራሹን ተሻረ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ድርጅት በየራሱ ሜትር ይለካል። እኔ በአንድ ቀን 50ም፣ 52ም፣ 54ም የምሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከቻይና የመጣው ባለ ሦስት ኤክስ ቀሚስ ከክንዴ አልፎ የማይወርደው፣ ከአሜሪካ የመጣው ኤክስ ኤል ደግሞ የሚንሸራተተው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ አስተውሉ። ቁጥሩ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ነጋዴ ያስቀመጠው፣ ነጋዴ ያነሳው ምልክት ነው። በእኛ ቡቲኮች በተሰቀሉት ከውጭ የመጡ ልብሶች ላይ የተለጠፈው ቁጥር ደግሞ የአዲስ አበባን ሴት ለክቶ የተገኘ አይደለም። እና በማላውቀው አገር፣ የማላውቀው ሰው፣ ስለማያውቀኝ ሰው የጻፈው ቁጥር እኔን በቦሌ መንገድ ላይ አንገቴን ያስደፋኛል።

*

ወፍራም ሴትን ለክቶ ማልበስ አይቻልም ያለ ካለ የሊና ብራያንትን ታሪክ ይስማ። ሊና ከሊትዌንያ ወደ አሜሪካ የተሰደደች የስፌት ሠራተኛ ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ሕፃን ልጇን ይዛ፣ የአልማዝ ጉትቻዋን አስይዛ የስፌት መኪና ገዛች ይባላል። በ1904 ኒውዮርክ ውስጥ ሱቅ ከፈተች። ባንክ ሄዳ ሒሳብ ስትከፍት ስሟ «ሊና» መባሉ ቀርቶ «ሌን» ተብሎ በስሕተት ተጻፈ፤ እሷም ሳታርመው ቀረች፤ ድርጅቱ እስከ ዛሬ «ሌን ብራያንት» ነው። በመጀመሪያ የታወቀችው ለነፍሰ ጡር የሚሆን ቀሚስ በመስፋት ነበር። ኋላ ላይ መሐንዲስ የነበረው ሁለተኛ ባሏና እሷ ወደ 4,500 የሚሆኑ ደንበኞቻቸውን ለኩ። ለክተውም ወፍራም ሴት አንድ ዓይነት እንዳልሆነች፣ ውፍረቷ በተለያየ ቦታ እንደሚያርፍ አይተው በየቅርጹ ቀደዱ። በ1920ዎቹ የወፍራሞቹ ልብስ ሽያጭ የነፍሰ ጡሮቹን በለጠ።

ከመቶ ዓመት በፊት የታወቀው ይህ ብልሃት ዛሬ ለምን ብርቅ ሆነ? ይህን ለመመለስ ስለ ስፌት ጥቂት ማወቅ ያሻል። እኔም የተማርኩት ከልጅነቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ዛሬም አሉ። አንድ ቀን ሰፋ ያለ የወንድ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። ትከሻው ወደ ክንዴ ወርዷል፤ ሆዴ ላይ ግን ቁልፉ ሊፈናጠር ደርሷል። «አየሽ» አሉኝ ሜትራቸውን እያወረዱ፣ «ሰው ሲወፍር እንደ ፊኛ በሁሉም በኩል እኩል አይነፋም። የትከሻ አጥንት አይወፍርም። አንገት እንደ ሆድ አይጨምርም። ይህን ሸሚዝ የሰፋው ትንሹን ሸሚዝ ወስዶ ዙሪያውን አስፍቶት ነው።»

ፋብሪካዎቹ የሚያደርጉት በትክክል ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ለአንዲት ቀጭን ሞዴል አንድ ልብስ ይሠራል፤ እሷ ላይ እስኪያምር ይታረማል። ከዚያ ልብሱ የሚቀደድበት ፓተርን በየቁጥሩ በጥቂት ሳንቲ ሜትር እየሰፋ ይሄዳል። ለቅርብ ቁጥሮች ይህ ይሠራል። ከዚያ በራቀ ቁጥር ግን ልብሱ መልኩን ያጣል፤ ብብቱ ጉልበት ይደርሳል፣ ደረቱ ይጠብቃል፣ አንገቱ ይንዘላዘላል። መድኃኒቱ ከወፍራም ሰው አካል የተነሣ ሌላ ፓተርን መሥራት፣ ወፍራም ሞዴል አቁሞ እንደገና ማረም ነው። ይህ ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋል። ብዙው ድርጅት ይህን ወጪ ሳያወጣ ዙሪያውን ያሰፋና ሳይሸጥ ሲቀር «ወፍራሞች ልብስ አይገዙም» ይላል። አልጋውን አሳጥሮ ሠርቶ እንቅልፋም የለም እንደ ማለት ነው።

የሞከሩትም አሉ። በ1980 የጣሊያኑ የማክስ ማራ ድርጅት «ማሪና ሪናልዲ» የሚል ስም ያለው፣ ለወፍራም ሴቶች ብቻ የሚሠራ የክብር ልብስ ጀመረ፤ ስሙ የድርጅቱ መሥራች ቅድመ አያት የነበሩ የልብስ ሰፊ ስም ነው። በ2021 ደግሞ «ኦልድ ኔቪ» የተባለው የአሜሪካ ልብስ ሻጭ የሴቶችን ልብስ ሁሉ ከትንሹ እስከ ትልቁ ቁጥር በአንድ መስቀያ፣ በአንድ ዋጋ አደርጋለሁ ብሎ ተነሣ። ሐሳቡ ያማረ ነበር። ዳሩ ግን በየሱቁ ስንት ትልቅ፣ ስንት መካከለኛ እንደሚያስፈልግ ስሌቱን አበላሸው። ዳርና ዳሩ ተትረፍርፎ የመሐሉ ቁጥር አለቀ፤ በዓመቱ ከአንዳንድ ሱቆቹ ትልልቁን መልሶ አነሣ። በዚያ የተጎዱት ወፍራሞቹ ናቸው። የተሳሳተው የመጋዘን ስሌት ሆኖ ሳለ ወሬው ግን «አላዋጣም» ተብሎ ተነዛ።

በመድረክም ላይ ያው ነው። በ2010ዎቹ አጋማሽ ወፍራም ሞዴሎች በመጽሔት ሽፋን ላይ ወጥተው፣ በትልልቅ ትርኢቶች ተራምደው ነበር። ከዚያ በሳምንት አንዴ የሚወጉት የማክሺያ መርፌዎች መጡ። በ2024 መጨረሻ በኒውዮርክ፣ በለንደን፣ በሚላኖና በፓሪስ ከቀረቡት ልብሶች መካከል በወፍራም ሞዴል የተለበሱት ከመቶ አንድ እንኳ እንዳልሞሉ «ቮግ ቢዝነስ» ቆጥሮ ጻፈ። ፋሽን ነውና ፋሽኑ አለፈ ማለት ነው። የእኛ አካል ግን ፋሽን አይደለም፤ ወቅቱ ሲያልፍ አውልቀን አንሰቅለውም።

*

ወደ ቤታችን እንመለስ። ዛሬ የሰፈር ልብስ ሰፊዎች ብዙዎቹ ጠጋኝ ሆነዋል። ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ወገብ ያጠብባሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ። የተሰፋው ልብስ ከውጭ በርካሽ ሲገባ አሰፍቶ መልበስ ቅንጦት ሆነ። ዲዛይነሮቻችን በትእዛዝ ለክተው ይሰፋሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ግን ለሠርግና ለበዓል እንጂ ለማክሰኞ ጠዋት ወደ እነሱ የሚሄድ ኪስ የለኝም።

ለማክሰኞ ጠዋት ያለኝ ሰልባጅ ነው። የልባሽ ጨርቅ ንግድ በሕግ የተከለከለ መሆኑን አውቃለሁ። የማውቀውን ደግሞ ልናገር፤ እኔን አስተካክሎ የሚያለብሰኝ ያ ቦንዳ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚያ ቦንዳ ውስጥ ያለው ልብስ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ሴት ገላ የወጣ ነው፤ እዚያ ደግሞ ለእኔ ቢጤዋ የተቀደደ ልብስ አለ። የማላውቃት፣ በማላውቀው አገር ያለች ወፍራም እህቴ ለብሳ የጣለችውን እኔ አጥቤ እለብሳለሁ። አንዳንዴ ኪሱ ውስጥ የአውቶቡስ ትኬት አገኛለሁ። ትኬቷን አልጥላትም። የት ልትሄድበት እንደነበር እያሰብኩ፣ ይህች ሴት ልኳን ማግኘቷ ደስ ይለኛል።

የሚያሳዝነው እጅ አጥተን አለመሆኑ ነው። በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲከፈት በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ለአሜሪካ ገበያ መስፋት ጀመሩ። በ2022 መጀመሪያ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ኢትዮጵያን ስታስወጣባት ብዙው ሥራ ተናጋ። ልጆቹ ግን በየቁጥሩ መቅደድና መስፋትን ተምረዋል። ለሩቅ አገር ሴት የሰፋ እጅ ለጎረቤቱ መስፋት አያቅተውም። የሚጎድለው ጎረቤቱን ልለካ ብሎ ሜትር የሚያነሣ ነው።

*

ይህ ሁሉ የአንዲት ትልቅ ሴት ብሶት ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። እኔስ ለመድኩት። ብዕር ያስነሣኝ የእህቴ ልጅ ናት።

ዕድሜዋ 14 ነው። ቁመናዋ የእኔ ነው፤ እንዴት እንደተዛወረ አላውቅም። ትምህርት ቤቷ የደንብ ልብስ ከአንድ አቅራቢ ብቻ ካልተገዛ አይቀበልም። የአቅራቢው ትልቁ ጉርድ «ላርጅ» ነው። ላርጁ አልገባትም። «በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል» ተባለ፤ ሳምንቱ ወር ሆነ። እስከዚያው ያለ ደንብ ልብስ መግባት ክልክል ስለሆነ ላርጁን ዚፑን ሳትዘጋ፣ በመርፌ ቁልፍ አያይዛ፣ ላዩ ላይ ሹራብ እያሰረች ትሄድ ጀመር። በመስከረም ፀሐይ ሹራብ!

አንድ ማታ እህቴ ደወለችልኝ። የልጅቷ ምሳ ዕቃ በየቀኑ ሙሉውን እየተመለሰ ነው። ለካ ጉርዱ እስኪዘጋ ድረስ ምሳ ላለመብላት ቆርጣለች። በሦስተኛው ሳምንት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሜዳ ላይ ወደቀች። «እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ» ይላል ተረቱ፤ ልጃችን ግን ፍራሹ አጠረ ብላ እግሯን ልትቆርጥ ተነሥታ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ልብስ ሰፊው ወሰድኳት። ከአቅራቢው ሁለት ጉርድ ገዝተን ነበር፤ ጨርቁ ሌላ ቦታ ስለማይገኝ አንዱን አርደን ሌላውን ማስፋት ነበረብን። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱንም ፈቱ። ልጅቷ እያየች ቆማ ቆይታ፣ «እና እኔ ሁለት ሰው ነኝ ማለት ነው?» አለች።

መቀሱ ቆመ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «ልጄ» አሏት፣ «ሃምሳ ዓመት ሰፍቻለሁ። ሰው ሲበዛ አይቼ አላውቅም። የሚያንሰው ጨርቅ ነው።»

ጉርዱ ተሰፋ፤ ዚፑ ተዘጋ፤ ምሳ ዕቃው ባዶውን መምጣት ጀመረ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት «የጎኑ ስፌት ያስታውቃል፣ ከደንብ ውጭ ነው» የሚል ማሳሰቢያ መጣ። እህቴ ጠብ አትወድም። ያን ቀን ግን ሁለቱን የጉርድ ደረሰኞች ይዛ ወላጆች በተሰበሰቡበት ተነሥታ፣ «ለአንድ ልጅ የሁለት ልጅ ዋጋ ከፍያለሁ፤ የማን ልጅ ልብስ ነው ከደንብ ውጭ የሆነው?» ብላ ጠየቀች። ይህን ጊዜ ሌሎች ወላጆች እጃቸውን ማንሣት ጀመሩ። የሚገርመው ከወፍራሞቹ ይልቅ የረጃጅሞቹ፣ የቀጫጭኖቹ እናቶች በዙ። የአንዱ ልጅ ሱሪ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀርቷል፤ የሌላዋ ጉርድ በቀበቶ ካልታሰረ ይወርዳል። ለካ ያ «ላርጅ» እና «ስሞል» የሚባለው ነገር የስንቱን ቤት አንኳኩቷል! ሁሉም የራሱን ልጅ ጉድለት መስሎት ዝም ብሎ ኖሯል። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤቱ ጨርቁን በሜትር ጭምር እንዲሸጥ ተወሰነ። ሌላ ነገር አልተደረገም፤ የተደረገው ግን ትልቅ ነበር።

*

አንድ አንባቢ እዚህ ላይ ሆኖ፣ «ለምን ከመጻፍ አትከሺም?» እንደሚል አውቃለሁ። ምክሩ በየታክሲው ስለሚሰጠኝ አዲስ አይሆንብኝም። ውፍረት ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር እንደሚዛመድ ሐኪሜ ነግሮኛል፤ እኔም አልካድኩም። በሐኪሜ ትእዛዝም ስፖርት ልጀምር ብዬ ቱታ ፍለጋ ወጣሁ። አምስት ሱቅ ዞርኩ። ልኬ አልነበረም። መክሳት አለባት የተባለች ሴት ለመክሳት የምትለብሰው ቱታ ከከሳች በኋላ ነው የሚሆናት! በመጨረሻ የወንድ ቱታ ገዝቼ እግሩን አሳጠርኩት።

ደግሞስ ብከሳ የምከሳው ዛሬ ማታ አይደለም። ከዛሬ እስከዚያ ድረስ ምን ልልበስ? ልብስ የጤና የምስክር ወረቀት አይደለም፤ ጤነኛም ይለብሳል፣ ሕመምተኛም ይለብሳል። ቀን የሚያስፈልገው ለሚመጣው አካል ሳይሆን ላለው አካል ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ባለ ቡቲኮች ሆይ፣ ከመስቀያው ጎን አንድ ሜትር ይኑራችሁ፤ ደንበኛን በዓይን ከመለካት በሜትር መለካት ያስከብራል፣ ገበያም ያመጣል። ዲዛይነሮች ሆይ፣ ከሚቀጥለው ሥራችሁ አንዱን ከትልቁ አካል ጀምሩት፤ ከትንሹ ጀምሮ ማስፋት ያልሆነ ነገር መሆኑን አይታችኋል። የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ሆይ፣ ጨርቁን በሜትር ሽጡ። ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁ ልብስ እንቢ ሲል ልጃችሁን ከመቆጣታችሁ በፊት ስፌቱን ተቆጡ።

የእህቴ ልጅ ለመጪው እንቁጣጣሽ ቀሚስ ልታሰፋ ተለክታለች። ሽማግሌው ልኳን በእርሳስ ጽፈው፣ «ምን ዓይነት ቀለም?» ብለው ጠየቋት። ጥቁር የምትል መስሎኝ ነበር፤ እኔ በእሷ ዕድሜ ጥቁር ነበር የምለው። ትንሽ አሰብ አደረገችና ቢጫ አለች።